አሮጌ መጫወቻ ወታደሮችን መጠገንና መቀባት፦ የትኛው ማጣበቂያ፣ የትኛው ቀለም ይሻላል?

አንገታቸው የተቆረጠ፣ ጠመንጃቸው የተጣመመ፣ ቀለማቸው የተላላጠ ወታደሮች የሞሉበት ካርቶን እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ሱፐር ግሉ ነው። ከዚያ ቤት ውስጥ የተገኘውን ቀለም ይፈልጋል። አንዳንዴ ይሳካል። ብዙ ጊዜ ግን ሊኩሉ ሄዶ ዓይን ማጥፋት ይሆናል። የተለጠፈው ጭንቅላት በሳምንቱ ይወድቃል። አዲሱ ቀለም ተልጦ ይነሳል። ወይም ስንት ዘመን የቆየ ቀለም በአንድ ጥጥ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ተጠርጎ ይሄዳል።

ጥፋቱ የሙጫው አይደለም። አንዱ ወታደር እርሳስ (ከባዱ ብረት) ነው፣ ሌላው ፕላስቲክ፣ ሦስተኛው ሰጋቱራ። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው የፋብሪካ ስሞችን ሳይሆን የዕቃ ዓይነቶችን ነው፤ አብዛኞቹም አሁን ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ አሉ።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከወታደሩ ገላ ጋር ይስማማል ወይ የሚለው ነው። ይህን ያላለፈ ዕቃ ሌላው ጥሩነቱ አይጠቅምም።

ሁለተኛው፦ ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ሊነሳ ይችላል? ለአሮጌ ነገር ይህ ከጥንካሬ በላይ ነው። ሦስተኛው የወታደሩ ሥራ ነው። መደርደሪያ ላይ የሚቆመውና ልጅ ወለል ላይ የሚያጋጨው እኩል ጥንካሬ አያስፈልጋቸውም። አራተኛው ጤና። ዋጋን ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ አድርጌዋለሁ። እዚህ የሚነሱት ዕቃዎች ሁሉም ርካሽ ናቸው፤ ውድ የሚሆነው የተበላሸው ወታደር ነው።

መጀመሪያ ገላውን ለዩ

ትንሽ ሆኖ ሳለ ከባድ ከሆነ፣ ማግኔት ካልሳበው፣ የተፋቀው ቦታ ላይም ግራጫ ብረት ከታየ እርሳስ ያለበት ቅይጥ ነው ብላችሁ ያዙት። የእንግሊዙ የዊልያም ብሪተን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1893 ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ወታደሮች ማውጣት ጀመረ። አሠራሩ ብልህ ነው። የቀለጠው ብረት ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈሳል፤ ዳር ዳሩ ሲረጋ መሃሉ ተመልሶ ይደፋል። ብረት ይቆጥባል፣ ወታደሩም ይቀላል። ለዛሬ ጠጋኝ ግን መዘዝ አለው። አንገቱ ላይ ያለው ስስ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ጭንቅላት አልባ ወታደር የሚበዛውም ለዚህ ነው። ድርጅቱ የእርሳስ ወታደሮችን ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ የብረት ወታደር ካገኛችሁ ቅይጡም ቀለሙም እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል።

ቀለል ብሎ፣ የተሰበረው ቦታ ቡናማ ሆኖ እንጨት ከመሰለና የዛገ ሽቦ ብቅ ካለ ደግሞ በሰጋቱራና በሙጫ ሊጥ የተሠራ ነው። እነዚህን በብዛት ያመረቱት ጀርመኖች ናቸው፤ ኤላስቶሊን የሚባሉት በጣም የታወቁት ናቸው። ሊጡ በሽቦ አጽም ላይ ተጭኖ ነው የሚሠራው።

የቀረው ፕላስቲክ ነው፤ እሱም ሁለት መልክ አለው። አንዱ ለስላሳ ነው፦ ጠመንጃው በጣት ሲገፋ ይታጠፍና ይመለሳል። ሌላው ደረቅ ነው፦ ከተጫናችሁት ቀጭ ይላል። ጥርጣሬ ካለ ውሃ ውስጥ ጣሉት። አብዛኞቹ ለስላሳ ወታደሮች የሚሠሩበት ፖሊኢትሊን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ደረቁ ፖሊስታይሪን ይሰምጣል። የሰጋቱራውን ወታደር ግን እንዳትሞክሩት። ውሃ ያሳብጠዋል፣ ውስጡ ያለው ሽቦም ይዝጋል።

ማጽዳትና ማቃናት

እዚህ ብዙ አልቆይም። ፕላስቲክ ለብ ባለ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል። ብረቱን በትንሹ እርጥብ በሆነ የጆሮ ጥጥ ጥረጉትና ወዲያው አድርቁት። ሰጋቱራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ።

አቼቶና ሎሚ እርሳስ አጠገብ አይድረሱ። አሲድ እርሳስን ይበላል። ወታደሩ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ካያችሁም አቧራ ነው ብላችሁ እፍ አትበሉት። እርሳሱ ራሱ ሲበላ የሚፈጠር መርዛማ ዱቄት ሊሆን ይችላል። ከእንጨት፣ በተለይ ኦክ ከሚባለው ዛፍ፣ እና ከካርቶን የሚወጣ የአሲድ ትነት ያመጣዋል። እንዲህ ያለውን ከሌሎቹ ለይታችሁ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ አስቀምጡት።

አሮጌ የብረት ወታደርን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። አቧራው እርሳስ ነው። የግድ ከሆነ እያረጠባችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ ከስር ጋዜጣ ዘርግታችሁ ሥሩ። የምግብ ጠረጴዛ ላይ አይሁን። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ይራቁ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

የተጣመመ ለስላሳ ፕላስቲክ በጣም የሞቀ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይቆይ። በማንኪያ አውጡና አቅኑት፣ እንደያዛችሁት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ፀሐይ ለዓመታት የመታው አሮጌ ፕላስቲክ ግን ድርቅ ብሎ ስለሚሰበር አትመኑት። እርሳስን በጣት፣ በጥቂት በጥቂቱ። እምቢ ካለ ተዉት። ከተሰበረ ሳንጃ የተጣመመ ሳንጃ ይሻላል።

ማጣበቂያዎቹ

ሱፐር ግሉ ፈጣን ነው። ስብራቱ ንጹሕ ሆኖ ሁለቱ ቁራጮች ግጥም የሚሉ ከሆነ ለብረትና ለደረቅ ፕላስቲክ ጥሩ ነው። ድክመቱ ሦስት ነው። ክፍተት አይሞላም። ከጎን ሲመቱት ቀጭ ብሎ ይለቃል። ትነቱ ደግሞ በዙሪያው ያለው ቀለም ላይ እንደ ጉም ያለ ነጭ ነገር ይተዋል፤ ጥቁር ኮት ላይ በጣም ያስታውቃል። ስለዚህ ከቱቦው በቀጥታ አትጭመቁ። በስቴኪኒ ጫፍ አንዲት ጠብታ በቂ ናት። ከለጠፋችሁት በኋላም ሣጥን ውስጥ ቶሎ አትዝጉት። የፈሰሰውንም በጥጥ አትጥረጉ። ሱፐር ግሉ ጥጥ ሲነካ በጣም ይግላል፣ እጅ ያቃጥላል። አሴቶን ያስለቅቀዋል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ቀለሙንም ይዞ ይሄዳል።

ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ሱፐር ግሉ ከንቱ ነው። የያዘ ይመስላል፣ በጥፍር ስትነኩት ይነሳል።

ኢፖክሲ በሁለት ቱቦ የሚመጣው፣ እኩል በእኩል የሚቀላቀለው ነው። ክፍተት ይሞላል፣ ጠንካራ ነው፣ ለማስተካከልም ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። በአምስት ደቂቃ የሚይዘው ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ ግን ማደር አለበት። ለተቆረጠ የብረት ጭንቅላት ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ብቻውን ሳይሆን ከክብሪት እንጨት ጋር።

እንዲህ ነው የሚሠራው። የክብሪቱን ባሩድ ቁረጡና እንጨቱን በምላጭ እየፋቃችሁ አንገቱ ቀዳዳ ውስጥ ሳይታገል እንዲገባ አቅጥኑት። ከደረቱ ውስጥ ገብቶ ከላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወጣ ይበል። ጭንቅላቱን ሙጫ ሳይነካው አድርጋችሁ ሞክሩ። ፊቱ ወዴት እንደሚያይ የምትወስኑት አሁን ነው። አንዳንዱ ወደ ቀኝ የሚያይ ነው፤ የስብራቱ ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም ራሱ ይነግራችኋል። ከዚያ በስቴኪኒ ኢፖክሲ እንጨቱን ቀቡ፣ የአንገቱንም ጠርዝ ስስ አድርጋችሁ። ጭንቅላቱን አስገቡ፣ ጫን አድርጉ። ተርፎ የወጣውን ሳይደርቅ በሌላ ስቴኪኒ ሰብስቡት። ወታደሩን አሸዋ የሞላ ጣሳ ውስጥ እስከ ወገቡ ቅበሩትና ቀጥ ብሎ ይደር። አንገቱ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብትቀር ቀለም ይሸፍናታል።

ነጭ የእንጨት ኮላ የሰጋቱራው ወታደር ጓደኛ ነው። ከእንጨት ጋር ይዋሃዳል፣ ሲደርቅ ይጠራል፣ ካስፈለገም በእርጥበት ይለቃል። ብረትና ፕላስቲክ ላይ ደካማ ነው። ሲያረጅ ጥቂት የአሲድ ትነት ስለሚያወጣም ባዶ የእርሳስ ወታደር ውስጥ አትሙሉት።

ሆት ግሉ (በሙቀት ቀልጦ የሚለጥፈው ሙጫ) አብጦ ያስቀይማል፣ ብረት ላይም ይላጣል። የሚጠቅመው ወታደሩን ለመቀባት ጊዜ ጠርሙስ ቆርኪ ላይ ለማቆም ነው። ብየዳም የሚሉ አሉ። ንጹሕ እርሳስ 327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ከዚያም በታች። የብየዳው ብረት ከዚህ በላይ ሊግል ስለሚችል ወታደሩ ፊታችሁ ይፈሳል፤ ጭሱም ለጤና አይሆንም። ከምርጫ አውጡት።

የለስላሳ ፕላስቲክ መፍትሔ ሙጫ ሳይሆን ሽቦ ነው። በሁለቱም ቁራጭ መሃል በጋለ መርፌ ቀዳዳ አውጡ፣ ከወረቀት አግራፍ የተቆረጠ ሽቦ አስገቡ፣ ኢፖክሲ ጨምሩበት። ሥራውን የሚሠራው ሽቦው ነው። መስኮት መክፈት አትርሱ።

የጎደለውን መሙላት

ለትንሽ ቀዳዳ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ሱፐር ግሉ ጠብ ማድረግ ድንቅ ነው፤ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል። ወዲያው ስለሆነ ግን ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። ከደረቀም ለሞረድ ያስቸግራል። እጅ ወይም ኮፍያ መቅረጽ ካለባችሁ በእጅ የሚቦካው የኢፖክሲ ሊጥ ይሻላል፤ ለዚህ ትንሽ ማውጣት ያዋጣል። ለሰጋቱራ ወታደር የተነፋ ሰጋቱራ ከነጭ ኮላ ጋር አቡኩ፤ ከራሱ ገላ ጋር አንድ ዓይነት ነው። የግድግዳ ስቱኮ ለመቆሚያው ካልሆነ ለቀጭን ቦታ ይፈረካከሳል። ለጎደለ የጠመንጃ አፈሙዝ ስፒል ይበቃል።

ቀለም፦ መቀባት አለበት ወይ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሰብሳቢዎች በአብዛኛው የተላላጠውን የፋብሪካ ቀለም ከአዲስ ቅብ አስበልጠው ይወዳሉ። ቀለሙ ግማሽ በግማሽም ቢሆን ካለ፣ ሙሉ በሙሉ አትላጡት። የኔ ምርጫ መሃል ላይ ነው፦ የተፋቀውን ቦታ ብቻ መንካት፣ ጤነኛውን ቀለም መተው። ሙሉ ቅብ የሚገባው ቀለሙ ያለቀለት፣ ወይም ቀድሞ ሌላ ሰው ያበላሸው ወታደር ነው።

አክሪሊክ ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ምርጫ ነው። በውሃ ይቀጥናል፣ አይሸትም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ከደረቀ ደግሞ ውሃ አያነሳውም። ከተሳሳታችሁ ሳይደርቅ በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል። ስለዚህ ከስሩ ያለው አሮጌ ቀለም አይጎዳም። ወፍራም አንድ እጅ አትቀቡ። ስስ ሁለት ወይም ሦስት እጅ የቁልፉንም የቀበቶውንም ቅርጽ ያስቀራል።

የዘይት ቀለም ለበርና ለመስኮት የተገዛው ትርፍ ነው። የድሮዎቹ ወታደሮች አንጸባራቂ ቀለም ስለነበራቸው መልኩ ይቀርባል፤ ብረት ላይም ይጠነክራል። ግን ይወፍራል፣ ፊት ላይ አፍንጫና አፍ ይደፍናል፣ ለመድረቅ ያድራል፣ ብሩሹም ቲነር ይፈልጋል። ለስላሳና የሚለጠጥ ፕላስቲክ ላይ ከሆነ ለወራት ጣት ላይ እየተጣበቀ ሊቀር ይችላል።

የጥፍር ቀለም ሳይገባው የተናቀ ይመስለኛል። የብረት ወታደር ላይ ቀይ ኮት ወይም ጥቁር ቦት ጫማ በአንድ እጅ ያበራል፣ ድሮ የነበረውን ብርሃን በትክክል ያመጣል። ብሩሹ ግን ሰፊ ስለሆነ ጥቂቱን ክዳን ላይ ጠብ አድርጋችሁ በስቴኪኒ ቀቡ። ደረቅ ፕላስቲክ ላይ እንዳይደርስ፤ ማቅጠኛው ገላውን ያሟሟዋል። አሮጌ ቀለም ላይም ከስር ያለውን ሊያነሳው ይችላል።

የትምህርት ቤት ውሃ ቀለም በላብ እጅ ይነሳል፤ ላዩ ላይ ቫርኒሽ ካልገባ ዋጋ የለውም። የማይለቅ ማርከር ለአንዲት መስመር ይሆናል፤ ጥቁሩ ከጊዜ ጋር ወደ ሐምራዊ ያደላል።

ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ማንኛውም ቀለም ሲታጠፍ ይላጣል። ከነዚህ ሁሉ የሚሻለው እንዲህ ነው፦ በሳሙና በደንብ ታጥቦ ሲደርቅ፣ በትንሽ ውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ አንድ እጅ፣ ከዚያ አክሪሊክ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ኮላ። ሽፋኑ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ ይለጠጣል። ልጅ ጥርሱ ውስጥ ካስገባው ግን ይህም አይተርፍም።

ሲቀቡ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፦ መጀመሪያ ፊትና እጅ፣ ቀጥሎ ልብስ፣ ከዚያ ቀበቶና መሣሪያ። ዓይን በስቴኪኒ ጫፍ አንድ ነጥብ ነው። ነጩን ለመሥራት አትሞክሩ፤ የደነገጠ ወታደር ነው የሚወጣው። ለሳንጃና ለአፈሙዝ የብር ቀለም መግዛት አያስፈልግም። ጥቁር ግራጫ ቀቡትና ሲደርቅ ለስላሳ የመጻፊያ እርሳስ እሹበት፤ ብረት ብረት ይላል።

በአጭሩ

| ዕቃ | የብረት (እርሳስ) | የሰጋቱራ | ለስላሳ ፕላስቲክ | ደረቅ ፕላስቲክ | ይነሳል? |
|---|---|---|---|---|---|
| ሱፐር ግሉ | ግጥም ላለ ስብራት | ለትንሽ ስንጥቅ | አይይዝም | ጥሩ | በአሴቶን፣ ከነቀለሙ |
| ኢፖክሲ | ምርጥ፣ ከክብሪት እንጨት ጋር | ይሆናል | ከሽቦ ጋር ብቻ | ጥሩ | በጭንቅ |
| ነጭ ኮላ | አይሆንም | ምርጥ | ከቀለም በፊት ሽፋን | ደካማ | በእርጥበት |
| አክሪሊክ ቀለም | ጥሩ | ጥሩ፣ ብሩሹ ደረቅ ያለ | ከኮላ ሽፋን ጋር | በጣም ጥሩ | ሳይደርቅ በቀላሉ |
| የዘይት ቀለም | ጠንካራ | ይሆናል | ሊጣበቅ ይችላል | በጥንቃቄ | በቲነር፣ በጉዳት |
| የጥፍር ቀለም | ባዶ ብረት ላይ ጥሩ | አይመከርም | ይላጣል | ያሟሟል | በአሴቶን፣ በጉዳት |
| ውሃ ቀለም | ቫርኒሽ ካለ ብቻ | ቫርኒሽ ካለ ብቻ | አይይዝም | ቫርኒሽ ካለ ብቻ | በውሃ |

ለእናንተ የትኛው?

ምንም ማውጣት ካልፈለጋችሁ የክብሪት እንጨት፣ ስቴኪኒ፣ አግራፍ፣ ቤት ያለው ሱፐር ግሉና አሮጌ የጥፍር ቀለም የብረት ወታደር ያቆማሉ። ምርጥ አይደለም፤ ግን ይቆማል።

ትንሽ ማውጣት ከቻላችሁ ገንዘባችሁን ኢፖክሲና አምስት አክሪሊክ ቀለም ላይ አውሉት፦ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። የቆዳ ቀለም፣ አረንጓዴና ቡናማ ከነሱ ይወጣሉ። አንድ ቀጭን ጥሩ ብሩሽ ከአምስት ርካሽ ብሩሽ ይበልጣል። ከዚህም ከተረፈ ቫርኒሽ ግዙ፤ የድሮ መጫወቻ መልክ ከፈለጋችሁ አንጸባራቂውን፣ እውነተኛ ወታደር እንዲመስል ከፈለጋችሁ የማያንጸባርቀውን።

ለልጅ መጫወቻ ከሆነ ፕላስቲኩን ብቻ ጠግኑ፣ በአክሪሊክ። የእርሳስ ወታደር አዲስ ቀለም ቢቀባም ለልጅ አይሰጥም። ልጅ አፉ ውስጥ ያስገባል፣ ቀለሙም ይፋቃል።

የቤተሰብ ቅርስ ሆኖ መደርደሪያ ላይ የሚቆም ከሆነ ጭንቅላቱን መልሱ፣ የተፋቀውን በአክሪሊክ ንኩ፣ ሌላውን ተዉት። የሚቀመጥበት ቦታ መስታወትና ብረት ቢሆን ይመረጣል።

ልትሸጡት ካሰባችሁ ደግሞ አቧራውን በብሩሽ ከማንሳት ያለፈ ነገር አታድርጉ። የተቆረጠውን ጭንቅላት በትንሽ ፌስታል አድርጋችሁ ከገላው ጋር አብራችሁ አቅርቡ። ቀድሞ የጠገናችሁት ካለ የትኛው እንደሆነና በምን እንደተጣበቀ ለገዢው ንገሩት።